«የጆሮ ልጅ» እና «የዓይን ልጅ»
(ስለ ተማሪዎች የመማር ስልትና ስለ ትምህርት መስክ ምርጫ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍሳቸውን ይማር፣ ቤተ ሰቦቻቸውን ያጽናልን እላለሁ። ቀጥሎም በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የመዋጮው ጉዳይ ገና እንዳልተነካ፣ እሱም ሰዓት እንደሚፈጅ ስለማውቅ ንግግሬን ላሳጥር ለጸሐፊው ቃል ሰጥቻለሁ። ይሁንና አስተማሪ የነበረ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ሲጠብቅ ታይቶ ስለማይታወቅ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድራችን ቀብር ከማስፈጸም፣ ድንኳን ከመትከልና ልቅሶ ቤት ከማስተናገድ አልፎ፣ አባት ወይም እናት የሞተባቸውን የአባላት ልጆች በደብተርና በዩኒፎርም መርዳት ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ተቆጥረዋል። ከነዚህ ልጆች መካከል ሰባቱ በሚመጣው ዓመት 11ኛ ክፍል ይገባሉ። 11ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ «የተፈጥሮ ሳይንስ ነው ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ?» የሚል ምርጫ ይመጣል። ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ሲደረስ የሕክምናው፣ የምሕንድስናው፣ የሕጉ፣ የሒሳብ አያያዙ በር የሚከፈተውም የሚዘጋውም እዚሁ ላይ ነው። ወላጅ ያለው ልጅ ወላጁን ያማክራል። እነዚህ ሰባቱ የሚያማክሩት እኛን ነው።

ታዲያ አንድ በጎ አሳቢ ወጣት አባላችን ባለ ሁለት ገጽ መጠይቅ አምጥቶልናል። ልጁ «አዲስ ነገር ስትማር ሥዕል ማየት ትወዳለህ? ሰው ሲናገር መስማት? ወይስ በእጅህ መሞከር?» እየተባለ ይጠየቅና፣ በመጨረሻ ነጥቡ ሲደመር «የዓይን ተማሪ»፣ «የጆሮ ተማሪ» ወይም «የእጅ ተማሪ» ተብሎ ይወጣል። የዓይኑ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ የጆሮው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ የእጁ ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ይመራ፤ የእድሩም ርዳታ በዚሁ መሠረት ይመደብ ነው ሐሳቡ። ኮሚቴው ለድምፅ ከማቅረቡ በፊት «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ነዎትና አንድ ቃል ይበሉን» ስላለኝ ነው የቆምኩት።

እኔ ሐሳቡን እቃወማለሁ። ወጣቱን ግን አልቃወምም፤ ምክንያቱም እሱ ዛሬ ይዞት የመጣውን ወረቀት እኔም በጊዜዬ ይዤ ዞሬያለሁ። በዚህ ነገር በኋላ እመጣበታለሁ።

በመሠረቱ ሐሳቡ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ሰው በመልኩ እንደሚለያይ በአማማሩም ይለያያል የሚለው አነጋገር በየአገሩ የነበረ ነው፤ የኔታዎቻችንም «ይህ ልጅ ድምፅ አለው፣ ያኛው ቃል ይይዛል» ይሉ ነበር። ነገሩን በምርምር መልክ ከያዙት ሰዎች አንዱ ሊያም ሃድሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው መጽሐፍ ላይ እንደ ጻፈው፣ በአገሩ የሁለተኛ ደረጃ ወንዶች ተማሪዎችን በሁለት ዓይነት ፈተና ፈተናቸው። አንደኛው፣ ለየጥያቄው አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያለው የተለመደው የአእምሮ ፈተና ነው። ሁለተኛው ግን መልሱ ማለቂያ የለውም፤ «ጡብ ለምን ለምን ያገለግላል? በርሜልስ? ብርድ ልብስስ? የሚመጣላችሁን ሁሉ ጻፉ» የሚል ነው። (ስለ በርሜል የእድራችንን እናቶች ጠይቋቸው ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባልበቃው ነበር።)

አንዳንዶቹ ልጆች በመጀመሪያው ፈተና በርትተው በሁለተኛው ሦስት አራት መልስ ጽፈው ዝም የሚሉ ሆኑ። እነዚህን «ሰብሳቢ» ልበላቸው፤ የኮሚቴ ሰብሳቢ ማለቴ አይደለም፤ አሳባቸውን ወደ አንድ መልስ የሚሰበስቡ ለማለት ነው። ሌሎቹ በተቃራኒው ለጡብ ሃያ ሠላሳ አገልግሎት ይዘረዝራሉ፤ እነዚህን ደግሞ «ዘርጊ» እንበላቸው። ከዚያ ሃድሰን ልጆቹ የመረጡትን የትምህርት መስክ ሲመለከት፣ ሰብሳቢዎቹ በብዛት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ውስጥ፣ ዘርጊዎቹም በብዛት ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋ ውስጥ ተገኙ፤ ልዩነቱም ሦስት ወይም አራት ለአንድ የሚያህል ነበር። እንደ ባዮሎጂ ያሉት ትምህርቶች ሁለቱንም ዓይነት ልጅ እኩል የሚቀበሉ ሆኑ።

እንግዲህ በዚህ ብቻ ቢቆም ወጣቱ አባላችን ረታ ማለት ነው። ሆኖም ግን ሃድሰን ራሱ አላቆመም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ባወጣው ሌላ መጽሐፍ አንድ የሚገርም ነገር ነገረን። ሰብሳቢ የተባሉትን ልጆች «አሁን እንደ ራሳችሁ ሆናችሁ አትመልሱ፤ አንድ እንደ ልቡ የሚኖር፣ ያፈተተውን የሚናገር ሠዓሊ ቢሆን ምን ይመልስ ነበር? እንደሱ ሆናችሁ ጻፉ» አላቸው። እነዚያው ሦስት አራት መልስ ጽፈው ዝም ይሉ የነበሩት ልጆች ያን ጊዜ መልሱን ያጎርፉት ጀመር! ችሎታው ውስጣቸው ነበረ ማለት ነው። ያልነበረው ፈቃዱ ነው፤ «የሳይንስ ተማሪ እንዲህ አይናገርም» ብለው ራሳቸውን አጥረው ነበር። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ለብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ምክንያቱም ያንን አጥር ልጆቹ ብቻቸውን እንዳላጠሩት አውቃለሁ። እኛ አስተማሪዎቹም እንጨት አቀብለናል።

ከሃድሰን በኋላ አሜሪካዊው ዴቪድ ኮልብ በ1976 አንድ መጠይቅ፣ በ1984 ደግሞ ስለዚሁ ሰፊ መጽሐፍ አወጣ። እሱ እንደሚለው ሰው የሚማረው በአራት ነገር እየዞረ ነው፤ ነገሩ ይደርስበታል፣ ቆም ብሎ ያስተውለዋል፣ ከዚያ አንድ ሐሳብ ያወጣለታል፣ ሐሳቡንም ይሞክረዋል፤ ከአራቱ ግን አንዱ ላይ ወይም ሁለቱ ላይ የማዘንበል ጠባይ አለው። በሥራ አመራር ላይ ያሉና ሥራ አመራር የሚማሩ ሰዎችን መጠይቁን አስሞልቶ ቀድሞ ምን ተምረው እንደ ነበር ቢጠይቃቸው፣ መሐንዲሶቹ ሐሳብን ወደ ተግባር ማዋል ላይ፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የተማሩት አንድን ነገር ከብዙ አቅጣጫ ማየት ላይ፣ ሒሳብና ኬሚስትሪ የተማሩት ሐሳብን በሥርዓት መገንባት ላይ፣ ንግድ የተማሩት ደግሞ ገብቶ መሥራት ላይ አዘንብለው አገኛቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኮልብ የጠየቀው ትምህርታቸውን የጨረሱ ሰዎችን ነው። አራትና አምስት ዓመት ምሕንድስና የተማረ ሰው እንደ መሐንዲስ ማሰቡ ምን ይደንቃል? የእንጨት ሠራተኛ እጅ ሻካራ ነው፤ ታዲያ «እጁ ሻካራ ስለ ነበር አናጢ ሆነ» ይባላል? ኮልብም ቢሆን ይህን አልካደም፤ ሰው ከጠባዩ ጋር የሚስማማ መስክ ይመርጣል፣ የመረጠውም መስክ ደግሞ ጠባዩን ያጠብቀዋል ብሎ ሁለቱንም ጽፏል። መጠይቁን የሚያባዙት ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ሁለተኛውን ጥለውታል።

ይህን በራሳችን አገር ትምህርት ማየት ይቻላል፤ እንዲያውም የተሻለ ይታያል። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ያየ ሰው እዚህ ብዙ ነው፤ ካሳሳትኩ ታርሙኛላችሁ። ንባብ ቤት የገባ ልጅ በጣቱ ወይም በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ፣ በዓይኑ እያየ፣ በአፉ እየጮኸ ነው የሚማረው። ዜማ ቤት ሲገባ የኔታ ያዜማሉ፣ እሱ ይቀበላል፤ ስለዚህ «የጆሮ ትምህርት» ነው ልንል እንችላለን። ነገር ግን በድጓው ፊደል ላይ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉ ምልክቶች አሉ፤ ምልክቶቹን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንዳወጧቸው ይነገራል። ይህ የዓይን ሥራ ነው። ብዙው ተማሪ ደግሞ ድጓውን በገዛ እጁ ይገለብጠው ነበር፤ ይህም የእጅ ሥራ ነው። እንግዲህ ድጓ የማን ነው? የጆሮው ልጅ፣ የዓይኑ ልጅ ወይስ የእጁ ልጅ?

ቅኔ ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ ወይም በየጥሻው እየዞረ ብቻውን ያወጣል ያወርዳል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ረጅሙ መወድስ ይወጣል። አቋቋም ቤት ሲሄድ ደግሞ ትምህርቱ በእግር፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ነው። ከዚያም መጻሕፍት ቤት ገብቶ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያለ ሲያመላልስ ይውላል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ዜማ ቤት በጆሮው የተማረው ልጅና ቅኔ ቤት ብቻውን ተክዞ የተማረው ልጅ ሁለት ልጆች ናቸው? አይደሉም። ያው አንዱ ተማሪ ነው፤ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው የተሻገረ። አማማሩን የቀየረው ትምህርቱ ነው። በርግጥ በአንዱ በርትቶ በሌላው የደከመ አለ፤ «ዜማ አልሆነልኝም» ብሎ ቅኔ ላይ የቀረም ብዙ ነው። እሱ ግን ሞክሮ ነው የተወው። በር ላይ መጠይቅ አስሞልቶ «አንተ ጆሮ የለህምና አትግባ» ያለ የኔታ አልሰማሁም።

የእስላም ወንድሞቻችንም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ አይነግሩንም። ቁርአን ቤት ልጁ ሎሁን ይዞ፣ አንቀጹን በቀለም ይጽፍበታል፣ ያየዋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራዋል፣ ሲይዘው ያጥበውና ሌላ ይጽፍበታል። እጅም፣ ዓይንም፣ አፍም፣ ጆሮም በአንድ እንጨት ላይ!

ወደ ዘመናዊው ምርምር ልመለስና ቶሎ ልለፈው። የመጠይቁ አገልግሎት የሚለካው እንዲህ ነው። «የዓይን» የተባሉትን ልጆች ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በሥዕል፣ ግማሹን በንግግር ማስተማር፤ «የጆሮ» የተባሉትንም እንደዚያው፤ ከዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና መስጠት። የዓይኖቹ በሥዕል ሲማሩ፣ የጆሮዎቹም በንግግር ሲማሩ የበለጠ ካገኙ ነገሩ እውነት ነው። ሁለቱም በሥዕል ሲማሩ የበለጠ ካገኙ ግን፣ ሥዕል የተስማማው ለትምህርቱ ነው እንጂ ለልጁ ጠባይ አይደለም ማለት ነው። ካርታን «የጆሮ ተማሪ ነህና በቃል ልንገርህ» ተብሎ የተማረ ልጅ ዓባይ በየት ዞሮ እንደሚሄድ መቼ ይገባዋል? በ2008 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ እስከዚያ የተጻፈውን መርምረው፣ በዚህ ዓይነት በትክክል የተደረገ ጥናት እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ ከነዚያም በርከት ያሉት ሐሳቡን የሚቃረኑ መሆናቸውን ገለጹ። ከዚያ በፊት በ2004 እንግሊዝ አገር የተደረገ ግምገማ 71 ዓይነት የመማር ስልት አከፋፈል ቆጥሯል። ሰባ አንድ! አንድ ልጅ በሰባ አንድ ስም ሊጠራ ነው።

እንዲህም ሆኖ እምነቱ አልጠፋም። በ2012 በወጣ አንድ ጥናት ከተጠየቁት የእንግሊዝ አስተማሪዎች ከመቶ 93ቱ፣ ከኔዘርላንድስ ደግሞ 96ቱ፣ ልጅ በሚወደው ስልት ሲማር የበለጠ ያውቃል ብለው እንደሚያምኑ ተናግረዋል። ስለዚህ ወጣቱ አባላችን አይፈር፤ ብዙ ጓደኛ አለው። እኔም የምለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው አይደለም። የሚወዱትና የሚቀላቸው ነገር ይለያያል፤ ችሎታም ይለያያል። እኔ የምቃወመው ከዚህ ተነሥቶ በር መዝጋቱን ነው።

አሁን «በኋላ እመጣበታለሁ» ወዳልኩት ልምጣ። መናገሩ ቀላል አይሆንልኝም።

በ1997 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ውጭ ሒሳብ አስተምር ነበር። በዚያ ጊዜ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ተማሪ መሰናዶ ሲገባ ነበር መስኩን የሚመርጠው። እኔም በክረምቱ የመምህራን ሥልጠና ላይ ስለ መማር ስልት ሰምቼ፣ በነገሩ ተማርኬ፣ መጠይቁን በራሴ ገንዘብ አባዝቼ ለክፍሌ ልጆች አስሞላሁ። ከመካከላቸው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ከኋላ ትቀመጣለች። ሌሎቹ ከሰሌዳው ሲገለብጡ እሷ እጇን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታዳምጣለች። ደብተሯ ባዶ ነው፤ የተናገርኩትን ግን ከቃሌ ሳታዛንፍ ትመልሳለች። ቅጹን ስታመጣ «የጆሮ ተማሪ» ሆነች፤ ነጥቧም ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ነበር። ደስ አለኝ! መጽሐፉ የሚለውን በዓይኔ አየሁ ብዬ።

ጠርቼ «አንቺ የምትማሪው በጆሮሽ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ደግሞ በሥዕልና በቁጥር የተሞላ ነው፣ ትቸገሪያለሽ፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ግቢ» አልኳት።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ፊዚክስ እወዳለሁ» አለች በዝግታ።

«መውደድ ሌላ፣ አማማር ሌላ» አልኳት።

«እሺ» አለች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ አስተማሪዋን አትከራከርም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ልቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት መጥታ ጉልበቴን ሳመችኝ። አላወቅኋትም። ስሟን ስትነግረኝ ያች የጆሮ ልጅ ናት። እንደ ምንም ጨዋታ ጀመርንና ስለ መነጽሩ ጠየቅኋት።

«ያደረግሁት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው» አለችኝ። «እስከዚያ ድረስ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ለእኔ ነጭ ጭስ ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ ይመስለኝ ነበር፣ ቲቸር።»

ልብ በሉ። ልጅቱ በጆሮዋ የምትማረው ጠባይዋ ሆኖ አይደለም። ሰሌዳው ስለማይታያት ነው። እኔ የመማር ስልት ብዬ መዝግቤ፣ ነጥብ ሰጥቼ፣ መስክ ያስመረጥኩበት ነገር በአንድ መነጽር የሚድን ሕመም ነበር። ከወንበሯ አንሥቼ ፊት ባስቀምጣት እንኳ ይታወቅ ነበር። መጠይቁ ግን «ሰሌዳው ይታይሻል?» ብሎ አልጠየቃትም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

እሷ አልተቀየመችኝም። የሒሳብ ሠራተኛ ሆናለች፣ ኑሮዋም ደኅና ነው። ግን ስንለያይ «የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ነው፤ ማታ ማታ ፊዚክስ አስጠናዋለሁ። እሱ እንቅልፉ ይመጣል፤ ጥያቄውን ሳልጨርስ የማልተኛው እኔ ነኝ» ብላኝ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ዓመት ብቻ ለስንት ልጅ እንዲህ ያለ ምክር እንደ ሰጠሁ ሌሊቱን ስቆጥር አደርኩ።

ስለዚህ አንድ ልጅ «አማማሩ እንዲህ ነው» ሲባል መጀመሪያ ሌላ ነገር እንዳይሆን መጠርጠር ነው። ዓይን ሊሆን ይችላል። ጆሮም ሊሆን ይችላል። ራት ሳይበላ የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አባቱ የሞተበት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ምን ሲሠራ እንደሚያመሽ የምናውቀው እኛ ነን። ቋንቋም አለ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና፣ ሒሳቡ ገብቶት ጥያቄው ያልገባው ልጅ «ለሒሳብ አልተፈጠረም» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ያ ሁሉ ልጅ የወደቀው ያለ ስልቱ ስለ ተማረ ነው ልንል ነው?

መስክ ምርጫም ቢሆን ሁልጊዜ የልጁ ጠባይ የሚወስነው አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በነበረው መመሪያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከመቶ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተደርጎ ነበር። ይህ ቁጥር የወጣው የልጆቹ ዓይንና ጆሮ ተቆጥሮ አይደለም፤ አገር ምን ያስፈልጋታል ተብሎ ነው። ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው፤ ካነሣነው የመዋጮው አጀንዳ ለከርሞ ይተላለፋል።

እንግዲህ «ተቃወምክ፤ ታዲያ ምን ይሻላል?» የሚለኝ ይኖራል። መጀመሪያ፣ ለመጠይቁ ማባዣ የታሰበው ገንዘብ የሰባቱን ልጆች ዓይን ለማስመርመር ይዋል። መነጽር የሚያስፈልገው ቢገኝ እድሩ ይግዛለት፤ ሬሳ ሳጥን የሚገዛ እድር መነጽር መግዛት አያቅተውም።

ምርጫውን በተመለከተ፣ ልጁ ትምህርቱን ይቅመሰው። ከ11ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ፣ ከኢኮኖሚክሱ ወይም ከታሪኩ አንድ ምዕራፍ ይሰጠውና ለየአንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይሥራበት። «ምን ትወዳለህ?» ብሎ ወረቀት ላይ ከመጠየቅ፣ ሲከብደው ምን እንደሚያደርግ ማየት ይሻላል። አንዳንዱ ልጅ የፊዚክሱ ጥያቄ እምቢ ሲለው ደብተሩን ይዘጋል፤ አንዳንዱ በነጋታው ይዞት ይመጣል። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ምልክቶች ሁሉ የማምነው ይህንን በነጋታው ይዞ መምጣቱን ነው። ያም ሆኖ የመጨረሻው ቃል የልጁ ይሁን። እኛ ልንሳሳት እንችላለን፤ እንደምንሳሳትም ነግሬያችኋለሁ።

ስለ አጠናንም አንድ ነገር ልበል። በ2013 እ.ኤ.አ. ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው፣ ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሆነው ያገኟቸው ሁለት ናቸው፤ መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መጠየቅና፣ ጥናቱን በአንድ ሌሊት ከመጨረስ በየቀኑ ከፋፍሎ ማጥናት። ደጋግሞ ማንበብና በቀለም ማስመር፣ ልጆቻችን የሚወዱት ይህንን ነው፣ እምብዛም አይጠቅምም ብለዋል። የቅኔ ተማሪ በየማታው መምህሩ ፊት ቀርቦ የሚነግረው፣ የቁርአን ተማሪ ሎሁን ከማጠቡ በፊት በቃሉ የሚያሰማው ለምን እንደ ሆነ አሁን ገባችሁ።

ለዚህ ሥራ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ እኔ እገኛለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም። ወጣቱ አባላችንም ቢያግዘኝ ደስ ይለኛል፤ እንግሊዝኛው ከእኔ የተሻለ ነው። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ለልቅሶ ካልሆነ በቀር የማይወጣ ወንበር ተደርድሮ አለና፣ ለሰባቱ ልጆችና ለሁለታችን ዘጠኝ ወንበር እንዲወጣልን ለዕቃ ቤት ኃላፊው ትእዛዝ ይሰጥልኝ። ጠመኔውን እኔ እችላለሁ። ሰሌዳ ግን የለኝም፤ የቀብር ማስታወቂያ የሚጻፍበት አሮጌው ጥቁር ሰሌዳ ቢፈቀድልኝ ይበቃኛል። ልቅሶ በሆነ ቀን ማስታወቂያው ይቀድማል፤ እኛ ጥጉ ላይ እንጽፋለን።